ድንጋዩን ማን ያነሣዋል

«ባልሽን ይዘሽ ነይ» አላቸው በማዘጋጃ ቤቱ መስኮት ውስጥ የተቀመጠው ጸሐፊ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው።

«ባሌን አፈር ከበላው ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ቆፍሬ ላምጣልህ?» አሉ እማማ ደብሪቱ።

ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጸሐፊውም አብሮ ሳቀ። እማማ ደብሪቱ ብቻ አልሳቁም። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡና በሩ ላይ ሲደርሱ ዘበኛውን ያርጋልን «ደህና ዋል ልጄ» ብለውት ሄዱ። ይህ የሆነው ባለፈው ሳምንት ነው። ያርጋል ያን ቀን ሳቀም አይባል፣ አልሳቀም አይባል፤ ከንፈሩን ብቻ ገለጥ አድርጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ያ «ደህና ዋል ልጄ» ምርቃት ይሁን ወቀሳ መለየት አቅቶት፣ በቆመበት ሁሉ እያላመጠው ሰነበተ።

ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ናት። ያርጋል ኪዳን አድርሶ ቁርሱን ሊቀምስ ወደ ቤቱ ሲመለስ ከጓሮ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ሰማ። በአጥሩ ጥግ ዞሮ ቢያይ እህቱ ባንቻየሁ ከእርከኑ ሥር ቆማ ድንጋይ ትመርጣለች። አንዱን ታነሣና በሁለት እጇ ትመዝነዋለች፤ ጎንበስ ብላ ከማጅራቷ ላይ ታኖረውና ትንሽ ትቆያለች፤ ደግሞ ታወርደዋለች። ገበያ ወጥታ ቲማቲም የምታገላብጥ ነው የምትመስለው። አየችው፤ አያት። እሱ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ ወደ ቤት ገባ፣ እሷም ወደ ድንጋይዋ ተመለሰች።

«ምን እያደረገች ነው?» አላት ሚስቱን እታለምን።

«እሷን ጠይቃት።»

«አንቺ ንገሪኝ።»

«በአንድ ግቢ እየኖራችሁ እኔን አስተርጓሚ አደረጋችሁኝ እኮ። እንግዲያ ደመወዝ ቁረጡልኝ!» አለችና የተቀቀለ ድንች ከሚጥሚጣ ጋር አቀረበችለት። «ድንቹንም ብላ፤ ኪሎው ሠላሳ አምስት ገብቷል። ስኳሩማ ከናካቴው አይጠራ።»

እህትና ወንድም ከተኳረፉ ሁለት ወር አልፏቸዋል። በአስታ በር፣ ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው አስፋልት ዳር ባለችው በዚህች ትንሽ ከተማ፣ የታችኛው ሰፈር ለአዲሱ መናኸሪያ ፈርሶ ነዋሪው ምትክ ቦታ ሲሰጠው፣ ባል ያላት ተሰጣት፤ ባል የሞተባት ግን «አባወራሽን አምጪ» እየተባለች ተመለሰች። እንዲህ የሚል ሕግ አልወጣም። የወጣው ሕግ ስለ ባል አንድም ቃል የለበትም። የመስኮቱ ሰዎች ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ ከሕግ ይልቅ ሥር ይሰዳል። ባንቻየሁ ባሏን ከቀበረች ስድስት ዓመቷ ነው። ቤቷ ሲፈርስ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ወንድሟ ጓሮ ካለችው፣ ድሮ ገለባ ይቀመጥባት ከነበረችው ክፍል ገባች። ያርጋልም ክፍሏን በጭቃ መርጎ፣ ቆርቆሮዋን ጠግኖ፣ የራሱን አልጋ አውጥቶ ሰጣት። ከዚያም ታላቅ ወንድም ነውና ታላቅ የመሰለውን ደግነት አሰበ። «ቦታው በእኔ ስም ይውጣና ያንቺ ይሁን» አላት። እሷ ዝም ብላ ሰማችውና «አያ፣ እኔ የለመንሁህ ይህንን አልነበረም» አለችው። የለመነችው ለኃላፊው ለአቶ ደርቤ አንዲት ቃል እንዲነግርላት ነበር፤ «እህቴ ተበድላለች፣ ምትክ ቦታዋን በስሟ ስጧት» እንዲልላት። እሱ ደግሞ «እኔ ዘበኛ ነኝ፤ በር እከፍታለሁ፣ በር እዘጋለሁ፤ ምን አፍ አለኝ?» አላት። በነጋታው ባንቻየሁ የሰጣትን አልጋ መልሳ ከደጁ አቆመችው። ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት በእታለም በኩል ነው።

እታለም ደመወዝ ባይቆረጥላትም ድንቹን እያስበላች ነገረችው። የሰፈሩ መበለቶች ዛሬ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሰልፍ ይወጣሉ። መሪዋ ባንቻየሁ ናት። ማንም አልመረጣት፤ በየቤቱ እየዞረች ስታዳምጥ ሰንብታ፣ ሁሉም ሲናገር እሷ ዝም ስላለች መጨረሻ ላይ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት፤ በዚያው መሪ ሆና ቀረች። ጩኸት እንዳይኖር፣ ጽሑፍ እንዳይያዝ አለች። ወንዶች ልጆች ከኋላ እንዳይከተሉም እናቶቻቸውን አስማለች። እንደ አባት እንደ እናት ወግ ድንጋይ ተሸክመው ደጁ ላይ ይንበረከካሉ። ድንጋዩም በአንድ እጅ የሚጨበጥ እንዳይሆን፣ በሁለት እጅ ካልሆነ የማይነሣውን እንዲመርጡ ነገረቻቸው። «የሚወረወር ድንጋይ ይዛ የመጣች ከእኔ ጋር አይደለችም» አለቻቸው።

«ፈቃድ አላቸው?»

«ለማሳወቅ ደብዳቤ ይዛ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች፤ የሚቀበላት አጣች። የምትመላለሰው በማን በር ነው? አንተ አይደለህ የምታስገባት?»

ያርጋል ወደ ድንቹ አቀረቀረ። እርግጥ ነው በሩን ከፍቶላታል። እንደማንኛውም ባለጉዳይ፣ መታወቂያዋን አይቶ ነበር ያስገባት።

ካፖርቱን ለበሰ። ጥቁር ሰማያዊ፣ ከባድ ካፖርት ነው፤ በጀርባው ላይ «ማዘጋጃ ቤት» የሚል በነጭ ተጽፎበታል። የስሜን ብርድ እንደ አስታ በር ባለ ቦታ ሰኔም ጥርም አይልምና፣ ካፖርቱን ባገኘ ጊዜ ስለቱ የደረሰለት ሰው ያህል ነበር ደስ ያለው። አሁንም ሲለብሰው «ተመስገን» የማለት ልማድ አለው። ዛሬም አለ። ያለው ግን አፉ ብቻ ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ከሌላ ቦታ የተላኩ ፖሊሶች በመኪና መጥተው አጥሩን ይዘዋል። አለቃቸው የሺዋስ የሚባል ወጣት ኢንስፔክተር ነው፤ ገና ጢሙ በቅጡ ያልጠነከረ፣ ቆላ ያደገ፣ ብርዱ አፍንጫውን ያቀላው። «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? እዚህ አገር ፀሐይ መቼ ነው የምትወጣው?» ሲል ቀለደ። «ወጥታለች እኮ ልጄ፣ ይህችው ናት» አለው ያርጋል፤ ሁለቱም ሳቁ። ከዳባት መጥቶ ወደ ዛሪማ የሚወርድ አይሱዙ ጡሩምባውን እያንባረቀ አለፈ። ስልክ ከተቋረጠ ሁለተኛ ቀኑ ስለሆነ ሰው ሁሉ ወሬ የሚለቅመው ከሹፌር ነው።

አቶ ደርቤ በባጃጅ መጥተው ሲገቡ ቆም አሉ። እዚሁ አስታ በር ተወልደው፣ እዚሁ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ክፉ ሰው አይባሉም፤ ነገር ግን ከበላይ የሚመጣ ስልክ ያስፈራቸዋል። «ያርጋል፣ ይቺ ባንቻየሁ የሚሏት ዘመድህ ናት የሚሉኝ እውነት ነው?»

ያርጋል ሳያስበው «የሰፈር ሰው ናት ጌታዬ» አለ።

«ጥሩ» አሉና ገቡ።

የሰፈር ሰው። ያርጋል ብረቱን በር ይዞ ቆመ። ደጀ ሰላም ላይ ቆሞ የተናገረው መሰለው፤ ጉንጩን እሳት ለበለበው። ሐሰት አልተናገረም፤ የሰፈር ሰው ናት። እንዲህ ያለው እውነት ግን ከሐሰት ይልቅ አንገት ያስደፋል። ጠዋት በኪዳን ጸሎት ላይ «ኪርያላይሶን» ሲል የነበረበት አፉ መሆኑን አሰበና፣ አፉን በካፖርቱ እጅጌ ጠረገው።

ረፈድፈድ ሲል መጡ። መጀመሪያ የታየው አቧራ ነው፤ ቀጥሎ ነጭ ነጠላ፣ በመሐሉም ጥቁር፣ የሐዘን ልብስ። አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር ሞልተው፣ ጎንበስ ብለው፣ ድንጋዮቻቸውን በማጅራታቸው ላይ በሁለት እጅ ይዘው፣ ያለ አንዳች ድምፅ። ይሰማ የነበረው የፕላስቲክ ጫማቸው ብቻ ነው። ቁጥራቸው ከተገመተው በእጥፍ ይበልጣል፤ ባል የሌላት ብቻ አይደለችም የወጣችው። ከኋለኛው ረድፍ ውስጥ ያርጋል የገዛ ሚስቱን አየ። እታለም ድንጋይ ተሸክማለች። ከመንገድ ዳር የቆመ ባለሱቅ «እታለም፣ አንቺማ ባል አለሽ እኮ!» ብሎ ጮኸባት። እታለም ከጎነበሰችበት ሳትቃና «ዛሬ አለኝ፤ ነገን ማን ያውቃል?» አለችው። ሰልፉ በሳቅ ተነቃነቀ፤ ድንጋዮቹም አብረው።

ፖሊሶቹ ግን ሳቁን አልሰሙም። ያዩት ድንጋይ ነው። የአስለቃሽ ጭሱን መሣሪያ የያዘው ወደፊት ወጣ፤ ሌሎቹ ክላሻቸውን አስተካከሉ። የሺዋስ ፊቱ ነጣ።

«ጋሼ፣ ድንጋይ ይዘዋል!»

«ይዘዋል።»

«ሊወረውሩ ነው?»

«የለም ልጄ። አቤቱታ ነው። ተበደልሁ ያለ ሰው እንዲህ አድርጎ ከደጅ ይወድቃል። ድንጋዩን ራሱ አያወርደውም፤ የተለመነው ሰው መጥቶ እስኪያነሣለት ይጠብቃል።»

«ካነሣለትስ?»

«ካነሣለትማ ሰምቼሃለሁ፣ ተቀብያለሁ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ማጠፍ የለም።»

የሺዋስ በረጅሙ ተነፈሰ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ልተኩስ ነበር እኮ» አለ፣ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ፖሊሶቹን እያስቆመ። ያርጋልም በልቡ ይህንን ልጅ ላመጣ አምላክ ምስጋና አቀረበ፤ የማይጠይቅ ሰው ቢመጣ ኖሮስ?

ሴቶቹ ከበሩ ፊት ደርሰው ተንበረከኩ። ከፊት ባንቻየሁ፣ ከጎኗ እማማ ደብሪቱ። ባንቻየሁ ድምፅዋን ሳትጨምር «አቤት» አለች። «አቤት!» አሉ ሁሉም። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከፎቁ መስኮት መጋረጃው ትንሽ ተነቃነቀና መልሶ ጸጥ አለ። ያርጋል ገባው። አቶ ደርቤ የዚህ አገር ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ሽማግሌ ሆነው ስንቱን ድንጋይ አንሥተዋል። ከወረዱ ማንሣታቸው አይቀርም፤ ካነሡ መቀበላቸው አይቀርም። ስለዚህ አልወረዱም።

ፀሐይዋ፣ ያቺ የተቀለደባት፣ እያየለች መጣች። የሴቶቹ ክንድ መራድ ጀመረ። እማማ ደብሪቱ ወደ አንድ ጎን ዘመም ሲሉ ባንቻየሁ ትከሻዋን አስጠግታ ደገፈቻቸው። ከመንገዱ ማዶ አንድ ጎረምሳ ጎንበስ ብሎ የጡብ ስባሪ አነሣ። ባንቻየሁ መሬት መሬት እያየች ነበር፤ እንዴት እንዳየችው እንጃ፣ «ወንድሜ፣ ጣለው!» አለች። «ለእኛ ብለህ ከሆነ ጣለው። ለራስህ ብለህ ከሆነ ደግሞ ሌላ ቀን ና፤ ዛሬ የእኛ ነው።» ጎረምሳው ጣለው። አሮጊቶች ከጉልበታቸው ሳይነሡ መረቁት፤ እሱም አፍሮ ከባለሱቁ ኋላ ተሸጎጠ።

የሺዋስ ሬዲዮኑን ከጆሮው አወረደ። «በትናቸው እያሉኝ ነው» አለ በለሆሳስ። «ድንጋይ ተሸክመው የተንበረከኩ እናቶችን በምን አድርጌ ልበትን?» ከዚያም ወደ ፊት እያየ፣ «መሪያቸው የቷ ናት? ጥቁር የለበሰችው? ያውቋታል?»

ያርጋል ሁለት ወር ሙሉ ያልተናገረውን ቃል በዚያው ቅጽበት ለቀቀው። «እህቴ ናት» አለ። ያነሰ መሰለውና ደገመ፤ «የእናቴ ልጅ። አብረን አንድ ጡት የጠባን።»

የሺዋስ ዞሮ አየው። «ታዲያ ምን ቆመው ያያሉ? አንገቷ ሊቀነጠስ ነው እኮ! ይሂዱ ያንሡላት!»

ልጁ ይህንን ያለው ከርኅራኄ ነው፤ ወንድም እህቱን ያሳርፍ ብሎ እንጂ ሌላ አላሰበም። ያርጋልም የተነሣው እንዲያው ነበር። ዱላውን ከብረቱ በር አስደግፎ ሄደ። ከፊቷ ደርሶ ጎንበስ ሲል፣ የማጅራቷ ቆዳ ተልጦ ደም ማቆሩን አየ። ሁለት እጁን ወደ ድንጋዩ ሲዘረጋ የካፖርቱ ከባድ እጅጌ ከፊቱ ታየው። ያኔ ነገሩ ሁሉ በራለት። በጀርባው ላይ የተጻፈውን ሰልፉ ባያነበውም ያውቀዋል። ይህንን ድንጋይ ያርጋል ቢያነሣው ወንድም አነሣ ይባላል፤ ካፖርቱ ቢያነሣው ግን መንግሥት አነሣ ይባላል። ቀና ቢል መስኮቱ አለ። ሚስት አለው፣ ደመወዝ አለው፣ ደመወዙ የሚገዛው ድንች አለ። ካፖርቱን ለማውለቅ ጊዜ ነበረው፤ ቁልፎቹ ሦስት ብቻ ናቸው።

ባንቻየሁ ጫማውን አይታ አወቀችው። «አያ» አለችው በቀስታ፣ በሁለት ወር ውስጥ የመጀመሪያ ቃሏ። «ካፖርቱን ለብሰሃል።»

«አውቃለሁ» አለና አነሣላት።

እልልታው ከየት እንደጀመረ አልታወቀም። ከኋለኛው ረድፍ ይመስላል፤ ምናልባት እታለም ትሆናለች። አስፋልቱን አልፎ፣ ባለሱቆችን አስወጥቶ፣ የባጃጅ ሹፌሮችን ጡሩምባ አስነፍቶ፣ እስከ ኪዳነ ምሕረት ግቢ ደረሰ። እማማ ደብሪቱ «መንግሥት አነሣልን! አነሣልን እኮ!» እያሉ አለቀሱ። ያርጋል ድንጋዩን እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆመ፤ የት እንደሚያኖረው ጠፋው።

አቶ ደርቤ ከደረጃው እየተደናቀፉ ወረዱ። «ማነው አንሣ ያለህ? ማን አዘዘህ?»

«እጄ ነው ጌታዬ» አለ ያርጋል። «ደግሞም ጠዋት የሰፈር ሰው ናት ያልሁዎት እህቴ ናት።»

«ሕዝብ ስማ! ይኸ ሰውዬ ዘበኛ ነው!» ሲሉ አቶ ደርቤ ወደ ሰልፉ ጮኹ። «በር የሚጠብቅ ነው! እሱ ቢያነሣ ምንም ማለት አይደለም!»

እማማ ደብሪቱ ድንጋያቸውን እንደያዙ፣ እንባቸው ሳይደርቅ፣ ከሥር ወደ ላይ አዩአቸው። «የኔ ልጅ፣ ዘበኛውስ የማን ነው? የእኛ ነው? የእኛ ከሆነ በሩን ይክፈትልን፤ የእናንተ ከሆነ አንሥታችኋል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ፖሊሶቹም ሳቁ። ባለፈው ሳምንት በመስኮቱ ዘንድ የተሳቀው ሳቅ አልነበረም፤ ያኛው ሰውን ወደ ውጭ የሚገፋ ነበር፣ ይኸኛው ግን አቶ ደርቤን እንኳ ጎትቶ አስገባቸው። ከንፈራቸው እንቢ እያለ ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋና ለረጅም ጊዜ እማማ ደብሪቱን አዩአቸው። ምን እንዳዩ እሳቸው ያውቃሉ። የክራቫታቸውን ጫፍ ሸሚዛቸው ውስጥ ከተቱ፣ ጎንበስ አሉ፣ የአሮጊቷን ድንጋይ በሁለት እጃቸው አነሡ።

«ይነሡ እናቴ» አሉ። «በስማችሁ ይታያል። ከነገ ጀምሮ ባል አምጪ የሚል ሰው ካለ ወደ እኔ ላኩት።»

አንዷን አንሥቶ ሌላዋን መተው አይሆንም። ቀጥለው ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን አነሡ። ላብ ሲያጠምቃቸው የቢሮው ሠራተኞች አንድ በአንድ ወጡ። ያ የመስኮቱ ጸሐፊ ሳይቀር መጣና፣ እታለም ፊት ደርሶ ሊያነሣ ቢሞክር ድንጋዩ ከበደው። «ቀስ በል ልጄ፣ ወገብህን» አለችው እታለም። «ባሌ እዚያ ቆሟል፤ አግዘኝ በለው።»

ሁሉም ሲያበቃ ፖሊሶቹ ወደ መኪናቸው መሰብሰብ ጀመሩ። የሺዋስ ሊሰናበት መጣ። ወጣት ነውና ነገሩ ሳይገባው መሄድ አልፈለገም። «ጋሼ፣ የሚያነሣው የተለመነው ሰው ነው ብለውኝ አልነበረም?»

«ነው።»

«ታዲያ እርስዎ እንዴት አነሡ?»

ያርጋል የካፖርቱን አፈር አራገፈ። «እኔም ተለምኜ ነበር ልጄ» አለው። «ከሁሉ አስቀድማ የለመነችው እኔን ነበር።»

አቶ ደርቤ ሲወጡ አላናገሩትም። ባጃጁ ውስጥ ከገቡ በኋላ ግን አንገታቸውን አስግገው፣ «ነገ ያንን ካፖርት አጥበህ ልበሰው፤ ያስነውራል» አሉት። ባጃጁ ሄደ። ያርጋል በቆመበት ሦስት ጊዜ አማተበ። ለመለመን ቃል ፈለገ፤ ለዘመናት የለመናቸው ነገሮች ነበሩት፣ የልጆቹን ትምህርት፣ የሚስቱን ጤና፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ። አሁን አንዱም አልመጣለትም። ምስጋናው ቦታውን ሁሉ ይዞበት፣ ለልመና ስንዝር አልተረፈውም።

ሲመሽ፣ ገና ጨለማው ሳይበረታ፣ ባንቻየሁ በወንድሟ ቤት መደቡ ላይ ተቀምጣ እታለም አንገቷን ለብ ባለ የጨው ውሃ ታጥብላት ነበር። ሲገባ ልትነሣለት ስትል በእጁ «ተቀመጪ» አላት። አጠገቧ ተቀመጠ። እታለም ጨርቁን ጨምቃ «እንግዲህ አስተርጓሚዋ ከሥራ ወጣች» አለች።

ባንቻየሁ ሳቀችና አንገቷን አመማት። «አያ» አለችው፣ «ለቦታው ስሜ የሚጠራ ዕለት አብረኸኝ ትቆማለህ?»

«ዋስ ጠየቁሽ እንዴ?»

«አልጠየቁኝም። ስሜ ሲጠራ የሚሰማልኝ ዘመድ አማረኝ እንጅ።»

ያርጋል አልጋውን አስቦ ብድግ አለ። ከደጁ እንደቆመ ሁለት ወር ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀበትን አልጋ ብቻውን ሊያነሣው ሞከረ፤ አልቻለም። ወደ ውስጥ ተጣራ። ባንቻየሁ አንገቷን በነጠላዋ ጠምጥማ ወጣችና በአንዱ ወገን ያዘችለት፤ «ቀስ፣ በሩ ይጠባል» እየተባባሉ ወደ ጓሮ ይዘውት ሄዱ።